ዘጠኟን ትንፋሽ መሸምደድ

ቀን 1

እቅዱ ትንሽ ነው። ሱርያ ናማስካር የሚባለውን የዮጋ ቅደም ተከተል ስልክ ሳላይ አምስት ዙር መሥራት። በቃ። የቀረውን ያኔ እናያለን።

ለምን መሰላችሁ? ዓመት ሙሉ ቪዲዮ እየከፈትኩ ዮጋ ስሠራ ነበር። "ዮጋ ትችያለሽ?" ስባል "እንዴታ!" ነው መልሴ። ባለፈው ሳምንት መሃል ላይ ስልኬ ቻርጅ ጨርሶ ጠፋ። እጄን ወደ ላይ እንደዘረጋሁ ቆሜ ቀረሁ። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አላውቅም። ስንት መቶ ጊዜ የሠራሁት ነገር ነው እኮ! ለካ ዓመቱን ሙሉ ስቀዳ ነው የከረምኩት። ልጅቷ እጇን ስታነሳ አነሳለሁ፣ ስትጎነበስ እጎነበሳለሁ። ከጎኑ ካለ ልጅ ፈተና እንደሚኮርጅ ተማሪ፣ ማርኩ አለ፣ ትምህርቱ የለም።

ስለዚህ ደብተር ገዛሁና ከዜሮ ጀመርኩ።

ቦታው በአልጋዬና በቁም ሳጥኑ መካከል ያለችው ክፍተት ናት። ምንጣፌ እንደ ብዙዎቹ የዮጋ ምንጣፎች ርዝመቱ 173፣ ወርዱ 61 ሴንቲሜትር ነው። ልክክ ብሎ ይገባል፣ ግን እጄን በጎን በኩል ሳነሳ የቁም ሳጥኑን እጀታ እመታለሁ። ዛሬ ብቻ ሁለቴ መትቼዋለሁ። መፍትሔው እጅን በፊት በኩል ማንሳት ነው። የሚያምር አይደለም፣ ግን ጣቴ ይተርፋል።

ዛሬ ከቪዲዮ ጋር ሦስት ዙር ሠራሁ፤ ግን አንድ ነገር እየታዘብኩ ነው። ጭንቅላቴ ቁልቁል በሆነ ቁጥር ስልኩን ለማየት አንገቴን እጠመዝዛለሁ። አንገቴ ሁልጊዜ በግራ በኩል የሚያመኝ ለካ ስልኩን በግራ ስለማስቀምጠው ነው። ዓመት ሙሉ ትራሱን ስረግም ነበር።

ቀን 2

ትከሻዬ፣ ጭኔ፣ የት እንዳሉ እንኳ የማላውቃቸው የጎን ጡንቻዎች። ሁሉም አሉ፣ ሁሉም ያማሉ። ሁለት ዙር፣ ከቪዲዮ ጋር። ተኛሁ።

ቀን 3

ዛሬ ምንጣፉ ላይ አልወጣሁም። ተቀምጬ ጻፍኩ።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር፣ ዓመት ሙሉ ግራ የገባኝ በስንፍና ብቻ እንዳልነበር ነው። አንዱ ቪዲዮ አንድ እግር ወደ ኋላ ልኮ ይንበረከካል፣ ከዚያ ጉልበት፣ ደረትና አገጭ መሬት ይነካሉ፣ ቀጥሎ እንደ እባብ ቀና ይባላል። 12 ደረጃ አለው። ሌላኛው ቪዲዮ መንበርከክ የሚባል ነገር የለውም፤ ሁለቱም እግሮች ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ ክርን ይታጠፋል፣ ይቀጥላል። በ9 ያልቃል። ሁለቱም ስማቸው ሱርያ ናማስካር ነው። እኔ ደግሞ አንድ ቀን አንዱን፣ አንድ ቀን ሌላውን እየከፈትኩ ሁለቱን ጭንቅላቴ ውስጥ አደባልቄ ፍትፍት አድርጌያቸዋለሁ። እንዲህ ሆኖ ማን ይይዘዋል?

ባለ 9ኙን መረጥኩ። አሽታንጋ በሚባለው የዮጋ ስልት የሚሠራው፣ "ኤ" እየተባለ የሚጠራው ነው። ባለ 12ቱ በዚህ ማስታወሻ ዳግመኛ አይነሳም፤ ከመጣም አባርረዋለሁ።

በደብተሬ የሰፈረው እንዲህ ነው። ቆሞ መጀመር። 1፣ እጅ ወደ ላይ። 2፣ ወደ ፊት መጎንበስ። 3፣ እጅ ሳይነሳ ጀርባን አስረዝሞ እስከ ግማሽ ቀና ማለት። 4፣ እግርን ወደ ኋላ ልኮ ክርን አጥፎ መውረድ፤ ፑሽ አፕ መሃል ላይ ሲቆም ማለት ነው። 5፣ ደረትን ከፍቶ ወደ ላይ ቀና ማለት። 6፣ መቀመጫን ሽቅብ ገፍቶ የ"ለ" ፊደልን ቅርጽ መሥራትና እዚያው አምስት ጊዜ መተንፈስ። 7፣ እግርን ወደ እጅ መልሶ እስከ ግማሽ ቀና። 8፣ መጎንበስ። 9፣ ተነስቶ እጅ ወደ ላይ። ከዚያ እጅን አውርዶ መቆም።

ስሞቹን ስጽፍ ደግሞ ያልጠበቅኩት ነገር አገኘሁ። አዶ ሙካ ሽቫናሳና የሚለውን ስሰማ ድግምት ይመስለኝ ነበር። ሳንስክሪት ነው፣ ተገጣጣሚ ነው። አዶ ወደ ታች፣ ሙካ ፊት፣ ሽቫና ውሻ፣ አሳና አቀማመጥ። ፊቱን ወደ ታች ያደረገ ውሻ፣ ማለትም የ"ለ" ቅርጹ። 5 ቁጥር ላይ ያለው ደግሞ ኡርድቫ ሙካ ሽቫናሳና ነው። ኡርድቫ ወደ ላይ ነው። ያው ውሻ ቀና ሲል! 4 ቁጥር ላይ ያለው ቻቱራንጋ ዳንዳሳናም እንደዚያው። ቻቱር አራት፣ አንጋ የአካል ክፍል፣ ዳንዳ በትር። በአራት ነጥብ መሬት የያዘ በትር። ስሙ ራሱ መመሪያ ነው፤ እንደ በትር ቀጥ በል ይላል። እኔ እንደ በትር ነኝ ወይ የሚለውን በሌላ ቀን።

ስለ ታሪኩም ትንሽ አነበብኩ። ሱርያ ናማስካር ማለት ለፀሐይ ሰላምታ ነው፤ ቪዲዮ ላይ የሚያሠሩት ሰዎችም ሁሌ "በሺህ ዓመታት የሚቆጠር" ይሉታል። ለፀሐይ መስገድ ጥንታዊ ነው፣ እሱ ልክ። እኛ የምንሠራው የስፖርት መልኩ ግን የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው፤ አውንድ የምትባለው የህንድ ግዛት ገዥ እንደ ሰውነት ማጎልመሻ አድርጎ ካስፋፋው ወዲህ። ከዚያ በ1930ዎቹ ማይሶር ከተማ ቤተ መንግሥት ውስጥ ክሪሽናማቻሪያ የተባለ መምህር ዮጋ ያስተምር ነበር። ባለ 9ኙን ለዓለም ያዳረሰው ፓታቢ ጆይስ የሱ ተማሪ ነው። እኔን ይሄ አጽናናኝ። መቶ ዓመት ገደማ የሆነው ነገር ከሆነ፣ ጉልበቴን ትንሽ ባጥፍ ሰማይ አይደረመስም።

ቀን 5

ዛሬ የቀኑ ግኝት አለ፣ ተቀመጡ።

እስከ ዛሬ እንቅስቃሴውን ለብቻ፣ ትንፋሹን ለብቻ ነበር የምይዘው። ማለትም ትንፋሹን ጨርሶ አልይዘውም። ዛሬ በደብተሩ ዳር ላይ ከየቁጥሩ ጎን "አስገቢ"፣ "አስወጪ" እያልኩ ስጽፍ ቆምኩ። 1 አስገቢ። 2 አስወጪ። 3 አስገቢ። 4 አስወጪ። 5 አስገቢ። ጎዶሎ ቁጥር ሁሉ ማስገባት፣ ሙሉ ቁጥር ሁሉ ማስወጣት! እስከ 9 ድረስ አንድም አይዛነፍም። ማንም አልነገረኝም። ወይም ተነግሮኝ ስልክ ላይ አፍጥጬ አልሰማሁም።

ነገሩ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ደረት የሚከፈትባቸው ቅርጾች ጎዶሎዎቹ ናቸው፤ እጅ ሲነሳ፣ ጀርባ ሲረዝም፣ ውሻው ቀና ሲል። ሰውነት የሚታጠፍባቸውና ሆድ ወደ ውስጥ የሚገባባቸው ሙሉዎቹ ናቸው። ጎንበስ ብላችሁ አየር ለማስገባት ሞክሩ እስኪ። ሆድ በጭን ተጠፍጥፎ አየሩ የት ይገባል? ሳምባ ራሱ ቅደም ተከተሉን ያውቀዋል ማለት ነው።

በአሽታንጋ የሚቆጠረው በሳንስክሪት ነው። ኤካም፣ ድዌ፣ ትሪኒ፣ ቻትዋሪ፣ ፓንቻ፣ ሻት፣ ሳፕታ፣ አሽታው፣ ናቫ። ለሁለት ቀን ሞከርኩት፣ ደስ ይላል፣ ግን አሽታው ላይ ሳስብ ትንፋሼ ያልቃል። በአማርኛ እቆጥራለሁ። አንድ፣ ሁለት። ምን ነውር አለው?

አሁን መሃል ላይ ሲጠፋብኝ "ቀጥሎ ምንድን ነው?" ከማለት በፊት "አሁን ሳምባዬ ሙሉ ነው ወይስ ባዶ?" እላለሁ። ሙሉ ከሆነ ቀጣዩ መታጠፍ ነው። ባዶ ከሆነ መከፈት ነው። ምርጫው ከዘጠኝ ወደ ሁለት ሦስት ይወርዳል። ዛሬ ከስልክ አንዴ ብቻ ነው ያየሁት።

ቀን 6

የእጅ አንጓዬን አመመኝ። ቀኙን።

መጀመሪያ ምንጣፉን ጠረጠርኩ፣ ከዚያ ዕድሜዬን። መልሱን ያገኘሁት ምንጣፉ ላይ ነው። ላብ ስለነበረኝ የ"ለ" ቅርጹን ሠርቼ ስነሳ የእጄ አሻራ ቀርቷል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። የመዳፌ ታች፣ አንጓው አጠገብ ያለው፣ ጥቁር ሆኖ ታትሟል። የትንሿ ጣት ወገንም እንደዚያው። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ያለው ግን ንጹሕ ነው። ምንም አልነካም። ሌባ ጣቴ ጫፏ ላይ አንዲት ነጥብ፣ በቃ። ክብደቴን በሙሉ አንጓዬ ላይና በውጪ በኩል ጥዬው ነው የከረምኩት።

ስለዚህ ጣቶቼን ዘረጋሁ፣ የጠቋሚ ጣቴን ሥር ወለሉ ላይ ተጫንኩት። ማለት የሚቀለውን ያህል መሥራቱ አይቀልም። በተጫንኩት ቁጥር ክርኔ ወደ ውጪ ይሸሻል፣ ክርኔን ስመልስ ጣቴ ይነሳል። እንደ ሁለት ወንበዴዎች ናቸው፣ አንዱን ስትይዝ አንዱ ያመልጣል። አሥር ጊዜ ያህል በጉልበቴ ተንበርክኬ እጄን ብቻ ተለማመድኩ። ከዚያ ተነስቼ አሻራውን አየሁ። ሌባ ጣቴ ሥር ትንሽ ጥላ ወጥቷል። ደስ አለኝ። በሰው ፊት የማይነገር ደስታ ነው፣ ግን ደስ አለኝ።

ቀን 8

ራሴን ቀረጽኩ። ስልኩን ጫማ ላይ አስደግፌ፣ በጎን በኩል።

ሼም ነው። በሐሳቤ ቻቱራንጋዬ እንደ በትር ነበር። ቪዲዮው ላይ ያለው በትር ሳይሆን የረጠበ ገመድ ነው። ሆዴ መጀመሪያ ይወርዳል፣ ትከሻዬ ከክርኔ በታች ይሰምጣል፣ መቀመጫዬ "እኔ የለሁበትም" ብሎ ላይ ይቀራል። ክርኖቼ ደግሞ እንደ ዶሮ ክንፍ ተከፍተዋል። ወንድሜ ከኋላዬ መጥቶ አይቶ "ይሄ የወደቅሽበት ነው ወይስ የምትሠሪው?" አለኝ። አልመለስኩለትም።

ዋናው ስህተት መብዛቱ ነው። ብዙ የወረድኩ ቁጥር ጎበዝ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። መቆም ያለበት ግን ክርን 90 ዲግሪ ሲታጠፍና ትከሻ ከክርን ጋር ሲስተካከል ነው። ከዚያ ሲወርድ ክብደቱን የሚሸከመው የትከሻው ፊት ነው፤ እሱ ደግሞ ለዚህ ሥራ አልተቀጠረም።

ሁለት ነገር ቀየርኩ። አንደኛ፣ ጉልበት መሬት። ኩራቴን አጥፌ ጉልበቴን አስነክቼ ነው የምወርደው። ሁለተኛ፣ ሁለት ወፍራም መጻሕፍት ደራርቤ ከደረቴ በታች አደረግኩ። ደረቴ መጽሐፉን ሲነካ ያ ነው ማቆሚያዬ። አንዱ የሕግ መጽሐፍ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ። ክርኔ ጎኔን እየነካ እንዲወርድ ሳደርገው የክንዴ የኋላ ጡንቻ ተንቀጠቀጠ። ደርዘን አልሞላሁም፣ ሰባተኛው ላይ መጻሕፍቱ ላይ ተኛሁ።

ቀን 9፣ ቀን 10

አልሠራሁም። ሰበብም የለኝም።

ቀን 11

ዛሬ ስለ ተረከዝ። ውሻው ላይ፣ ያው የ"ለ" ቅርጹ ላይ፣ ተረከዜ መሬት አይነካም። ቪዲዮ ላይ ያሉት ሁሉ ይነካል። እኔ ደግሞ እንዲነካልኝ ብዬ እግሬን ወደ እጄ ሳስጠጋ ከርሜያለሁ። ተረከዜ ነካ፣ ጀርባዬ ግን እንደ ድልድይ ጎበጠ። "ለ" ሳይሆን "ሰ" ሆንኩ ማለት ይቀላል።

ዛሬ ተቃራኒውን ሞከርኩ። እግሬን ፕላንክ ላይ (ክርን ሳይታጠፍ፣ የፑሽ አፕ መነሻው ላይ) በነበረበት ቦታ ተውኩት፣ ጉልበቴን በደንብ አጠፍኩ፣ ተረከዜን ረሳሁት። ከዚያ መቀመጫዬን ወደ ላይና ወደ ኋላ ገፋሁ። ወገቤ ረዘመ! እጄ ላይ የነበረው ሸክም ወደ እግሬ ሄደ፣ አንጓዬም ቀለል አለው። የጎበጠው ጀርባዬ ነው ብዬ ስወቅሰው ነበር፤ የሚጎትተው ግን የጭኔ ጀርባ ጡንቻ ነው። ያ ጡንቻ ከመቀመጫ አጥንት ተነስቶ ከጉልበት በታች ነው የሚያርፈው። ሲያጥር ዳሌን ወደ ታች ይጎትታል፤ ዳሌ ሲጎተት ወገብ ይጎብጣል። ጉልበት ሲታጠፍ ገመዱ ይላላል፣ ዳሌ ነጻ ይወጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለራሴ። መለጠጡ ጭን መሃል ላይ ሲሰማኝ ችግር የለም። መቀመጫ አጥንቱ ሥር፣ ስቀመጥ ወንበር የሚነካው ቦታ ላይ ሲወጋኝ ግን ወዲያው መተው። እዚያ ጅማቱ ከአጥንት ጋር የሚያያዝበት ነው፣ አንዴ ካኮረፈ ለወራት አይታረቅም። ባለፈው ዓመት አንዴ አኮርፎኝ ያውቃል። ወንበር ላይ በአንድ ጎን የተቀመጥኩባቸው ቀናት አልተረሱኝም።

ቀን 13

ስልኩ ሌላ ክፍል ነው። ዛሬ ብቻዬን ነኝ።

ውጤት፣ ከአምስት ዙር ሦስቱ ላይ ጠፋሁ። ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ! 6 ላይ አምስት ጊዜ ተንፍሼ ስጨርስ ባዶ። እግሬ ይመለሳል ወይስ መልሼ እወርዳለሁ? መጀመሪያ ገረመኝ፣ ከዚያ ግን ምክንያቱ ታየኝ። እስከ 6 ድረስ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ነው የሚመጣው። 6 ላይ ማረፍ አለ። አእምሮዬ በዚያ እረፍት ስለ ሥራ፣ ስለ ልብስ አጠባ፣ ስላልመለስኩት ስልክ ያስባል፣ ሲመለስ ክሩ ተበጥሷል።

ሀ ሁ እንደመቁጠር ነው። ከሀ ጀምራችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ታንበለብሉታላችሁ። ግን በድንገት "ከ'ቀ' በፊት ማን ነው?" ብትባሉ፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያላችሁ ከመጀመሪያው ካልመጣችሁ አታገኙትም። (ሸ ነው። እኔም ቆጥሬ ነው ያገኘሁት።) እኔም በተሳሳትኩ ቁጥር ከ1 እጀምራለሁ። ስለዚህ ከ1 እስከ 6 ያለውን ሺህ ጊዜ ሠርቻለሁ፣ ከ7 እስከ 9 ግን እንደ እንግዳ ናቸው። መጀመሪያውን ሳሠለጥን መጨረሻውን አስርቤዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ገለበጥኩት። በመጨረሻው ጀመርኩ። መጀመሪያ 9ን ብቻ፣ ከጎነበስኩበት ተነስቶ እጅ ወደ ላይ፣ ከዚያ መቆም። አምስት ጊዜ። ቀጥሎ 8 እና 9። ከዚያ 7፣ 8፣ 9። ከዚያ ከውሻው ጀምሮ። ሁልጊዜ ወደማውቀው ነገር ነው የምሄደው፣ ስለዚህ ፍርሃቱ የለም። ወደ ፊት ስማር ወደ ጨለማ ነበር የምገባው፣ እንዲህ ሲሆን ወደ ቤት እንደመመለስ ነው። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ሙሉውን አራት ዙር፣ አንዴም ሳልጠፋ።

ቢሮ ውስጥ ሰነድ ስሸመድድም ይሄንን መሞከር አለብኝ። ዓላማዬ እሱ ባይሆንም።

ቀን 15

እማዬ በሩን ከፍታ ገባች። እኔ ውሻው ላይ ነኝ፣ ጭንቅላቴ አልጋው ሥር ሊገባ ምንም አልቀረውም።

"ምን ጠፋብሽ?"

"ምንም።"

"ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ እዚያ ሥር?"

አስረዳኋት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁለት ዙር አየችኝ። ከዚያ "አራተኛው ላይ ትንፋሽሽን ትይዣለሽ" አለች። "አልይዝም" አልኩ። "ልጄ፣ ከዚያኛው ክፍል ሆኜ ይሰማኛል እኮ። ትንፋሽሽ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ከዚያ ዝም ትያለሽ፣ ከዚያ ኡፍ ትያለሽ።"

ደጋግሜ አየሁት። እውነቷን ነው። ቻቱራንጋ ላይ በደረስኩ ቁጥር እንደ ዕቃ ተሸካሚ ትንፋሼን እቋጥራለሁ። ማስወጣት ያለብኝ ቦታ ላይ! ይሄንን ቪዲዮ አላሳየኝም፣ ትንፋሽ በቪዲዮ አይታይም።

ቀን 17

ከዚያ ወዲህ በድምፅ ነው የምተነፍሰው። ኡጃዪ ይሉታል። አፍ ተዘግቶ፣ ጉሮሮን በትንሹ አጥብቦ በአፍንጫ መተንፈስ። መስታወት በእፍታ ለማደብዘዝ "ሃ" እንደምንለው ነው፣ አፍን ዘግቶ። የሩቅ ባሕር ይመስላል፣ ወይም የተኛ ሽማግሌ፣ እንደ ቀኑ ይለያያል። ጥቅሙ ለኔ አንድ ነው፣ ድምፁ ሲቆም እኔም እንደቆምኩ አውቃለሁ።

ሰዓትም ያዝኩ። የመጀመሪያው ዙር 70 ሰከንድ፣ ሁለተኛው 66፣ አምስተኛው 48። ቅደም ተከተሉ ያው ነው፣ ቁጥሩም ያው ነው። የተሰረቀችው 22 ሰከንድ የት ሄደች? አብዛኛው ከውሻው አምስት ትንፋሽ ላይ ነው። ሲደክመኝ አምስቱን ትንፋሽ እንደ ሦስት አድርጌ እጨርሳቸዋለሁ። ራሴን አጭበርብሬ ለማን እንደምነግር አላውቅም። ነገ አምስተኛው ዙር ከመጀመሪያው በ10 ሰከንድ ብቻ እንዲያንስ እሞክራለሁ። ካልቻልኩ አራት ዙር ይበቃል።

ቀን 20

አምስት ዙር። ስልክ የለም፣ ደብተር የለም፣ መጥፋት የለም። ጉልበት መሬት ነው፣ እሱን አልክድም። የመጀመሪያው ዙር 68 ሰከንድ፣ አምስተኛው 61።

እቅዱ እዚህ ማለቅ ነበረበት። ግን ስጨርስ እግሬን አየሁት። እኔ አልዘልም፣ ተራምጄ ነው ወደ ኋላ የምሄደው። ሁልጊዜም መጀመሪያ የሚሄደው ቀኝ እግሬ ነው። ሁልጊዜም መጀመሪያ የሚመለሰው ቀኝ እግሬ ነው። ሃያ ቀን! በግራ ልጀምር ብዬ ሞከርኩ። ጉድ ሆንኩ። በሌላ ሰው እግር የቆምኩ መሰለኝ፣ 4 ላይ ደርሼ ምን እንደምሠራ ጠፋኝ። የማስታውሰው ቅደም ተከተሉን መስሎኝ ነበር፣ የቀኝ እግሬን ቅደም ተከተል ነው። አንድ ዙር በቀኝ፣ አንድ ዙር በግራ እንዲሆን ወሰንኩ። ወደ አራት ዙር ወርጃለሁ፣ አምስት ጎዶሎ ነው፣ ግራዬ ይበደላል።

በነገራችን ላይ ተራምዶ መሄድ የራሱ ጣጣ አለው። በአንድ የማስወጫ ትንፋሽ ሁለት እግር መላክና መውረድ አለብኝ። አይበቃም። ስለዚህ ፕላንክ ላይ ስደርስ አንዴ በትርፍ አስገባለሁ፣ ከዚያ እያስወጣሁ እወርዳለሁ። ጎዶሎና ሙሉው አይበላሽም፣ አንድ ሙሉ ትንፋሽ ስለጨመርኩ። ሕግ አክባሪ ነኝ።

ቀን 21

መጨረሻ ላይ በጀርባ መተኛት አለ፣ ሻቫሳና። ሻቫ ሬሳ ማለት ነው። እስከ ዛሬ ዘልዬው ነበር፣ ጊዜ ማባከን ስለሚመስለኝ። ዛሬ አምስት ደቂቃ ሞላሁና ተኛሁ። በአርባ ደቂቃው ነቃሁ። በጣም ጎበዝ ሬሳ ነኝ።

ቀን 24

የአሽታንጋውን ሁለተኛ ሱርያ ናማስካር፣ "ቢ"ን ጀመርኩ። ባለ 17ቱን።

በመጀመሪያ ሲታይ ያስፈራል። ደብተሩ ላይ ስዘረግፈው ግን ግማሹን አውቀዋለሁ። መጀመሪያና መጨረሻው ላይ ቆሞ እጅ ማንሳት የነበረው ጉልበት አጥፎ እጅ ማንሳት ይሆናል፣ ወንበር ላይ ሊቀመጡ ሲሉ እንደሚቆሙት፣ ኡትካታሳና። ከ2 እስከ 6 ያው የ"ኤ" ነው። መሃል ላይ አዲስ የሚገባው ቪራባድራሳና ብቻ ነው። እንደ ጦረኛ አንድ እግር ወደ ፊት፣ ጉልበት ታጥፎ፣ የኋላው ተረከዝ መሬት ይዞ፣ እጅ ወደ ላይ። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። ከእያንዳንዱ ጦረኛ በኋላ ደግሞ ያው ሦስቱ፣ ቻቱራንጋ፣ ቀና ያለ ውሻ፣ ያቀረቀረ ውሻ። አምስቱ ትንፋሽ የሚመጣው የመጨረሻው ውሻ ላይ ብቻ ነው፣ 14 ላይ። ጎዶሎና ሙሉ እዚህም ይሠራል፣ አረጋግጫለሁ። 7 ጦረኛ በቀኝ፣ አስገቢ። 11 ጦረኛ በግራ፣ አስገቢ። 17 ጉልበት አጥፎ እጅ ወደ ላይ፣ አስገቢ። አያሳፍርም።

ያልቆጠርኩት ነገር ሌላ ነው። "ኤ" ላይ በአንድ ዙር አንድ ቻቱራንጋ ነው ያለው። "ቢ" ላይ ሦስት! 4፣ 8 እና 12። ሁለት ዙር ሠርቼ ስድስት ወረድኩ፣ ሁለተኛው ዙር ላይ 12 ቁጥር ቻቱራንጋ ሳይሆን መውደቅ ነበር። ወንድሜ አላየም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ዘዴው ያው ነው፣ ከጀርባ። ዛሬ ከ14 እስከ 17።

ቀን 27

ከ11 እስከ 17 ያዝኩ። ዛሬ ከ1 ጀመርኩ። ጮክ ብዬ ነው የምቆጥረው፣ ምክንያቱም አዲስ በሽታ መጥቶብኛል። ውሻው "ቢ" ላይ ሦስት ጊዜ ይመጣል፣ 6፣ 10፣ 14። ሦስቱም ከውስጥ ሲታዩ አንድ ናቸው። ያው ምንጣፍ፣ ያው የአልጋ እግር፣ ያው አልጋ ሥር የተረሳ ካልሲ። እዚያ ተገልብጬ ግራውን ሠርቼዋለሁ ወይስ አልሠራሁም የሚለውን ምንም ነገር አይነግረኝም። ትናንት ቀኝ ጦረኛን ሦስት ጊዜ ሠራሁ፣ ግራዬ አንዴም አልደረሰውም። ቁጥሩ ካለ ግን ጎኑም አለ። 7 ቀኝ፣ 11 ግራ።

አንደኛው ዙር ሰላም። ሁለተኛው ዙር፣ "ሰባት" ብዬ በቀኝ ቆምኩ። "ስምንት" ወረድኩ፣ ጉልበት መሬት። "ዘጠኝ።" "አሥር" ብዬ ውሻው ላይ ደረስኩና ካልሲውን አየሁት። መቼ ነው እዚያ የወደቀው ብዬ አሰብኩ። ሁለተኛው የት አለ? ዝም አልኩ።

ከወዲያኛው ክፍል እማዬ፣ "አሥራ አንድ!"

ዝም።

"አሥራ አንድ ነው እንጂ! ግራ እግርሽን!"

ግራ እግሬን አመጣሁ። አሥራ ሁለት ላይ ትንፋሼን እንዳልይዝ ስትል ደግሞ ሰምቻት ነበር፣ ግን ያኔ መጻሕፍቱ ላይ ተኝቻለሁ።